ኮርቻዬና የዛፉ ሥር ሽማግሌዎች

ማክሰኞ

ስፖንጁ ጉድ ሠራኝ! የቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር መቀመጫ የሚሰፋው ባለእጅ፣ ፈንዲ አብዲ የሳይክሌን ኮርቻ ወፍራም ስፖንጅ አልብሶልኝ፣ ዛሬ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተዝናንቼ ወጣሁ። ከተማውን ሳልጨርስ ጭኔ ተላጠ፣ መሃሉ ደነዘዘ። እዚህ ሞያሌ ሰው ሁሉ የሚመክረኝ «ለስላሳ ነገር ጨምሪበት» ብሎ ነው። እኔ ሞኟ ሰማኋቸው።

ሳይክሉን ከናይሮቢ በአውቶቡስ የላከችልኝ ጓደኛዬ ሜሪ በስልክ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለች ታዝንልኛለች፣ በመሃል ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሞምባሳ ላይ ለሚደረገው ትራያትሎን በቡድን ነው የተመዘገብነው። የአክስቷ ልጅ ትዋኛለች፣ ሜሪ ትሮጣለች፣ ሳይክሉ የኔ ነው። ግን እሑድ ክንዴን ከመሪው ማስደገፊያ ሳላነሳ፣ እንደተጎነበስኩ አንድ ሰዓት ነድቼ ቪዲዮ ካልላክሁላት ቦታዬን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ነው። ጓደኝነት ሌላ፣ ውድድር ሌላ አለችኝ።

ረቡዕ

ስፖንጁን ቀድጄ ጣልኩት። አብዲ ትንሽ አኮረፈ።

ሜሪ በስልክ እያየችኝ ኮርቻውን ወደ ፊት ገፋሁት፣ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ፣ የክንድ ማስደገፊያውን ከፍ አደረግሁት። ኧረ ደስ ሲል! ድንዛዜው ብን ብሎ ጠፋ። ከላይ የደረብኩት የሰፊው ሱሪ ስፌት ብቻ ይከረክረኝ ነበር፤ ገልብጬ ለበስኩትና ተገላገልኩ።

ከዚያ ስልኬን መሪው ላይ አስሬ የነዳሁትን ላክሁላት። «ለምንድን ነው ቶሎ ቶሎ ቀና የምትዪው? የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለችኝ። ምንም አያመኝም፤ ትልልቅ ሰዎች ስለነበሩ ነው! ወደ ዋልዳ በሚወስደው አስፋልት፣ ከከተማው መውጫ፣ ዛፍ ሥር የከብት መኪና የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እንዴት አቀርቅሬ ልለፋቸው? ቀና ብዬ እጄን አነሳለሁ፣ ወገቤ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ስመለስ ቦታዬን አላገኘውም። እኔ ራሴ አላስተዋልኩትም ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም። በረርኩ!

ደስታዬ እስከ ምሳ ነው የቆየው። ከዛፉ ሥር ሽማግሌዎች አንዱ ሐጂ ሀላኬ፣ አባባ መጀመሪያ ሞያሌ ሲመጣ ሰው ያደረጉት ከብት ነጋዴ፣ ሱቃችን ድረስ መጥተው «ልጅህን ምን አስቀይሜያት ነው አንገቷን ደፍታ ያለፈችኝ?» ብለው ሄዱ። ሻይ እንኳ አልቀመሱም። አባባ አልተቆጣም፣ እሱ ነው የባሰው። «ሰላምታ የሚያስቀር ስፖርት ከሆነ ይቅርብሽ» አለኝ።

ተናደድኩ። አፈርኩም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሳይክሌን እየገፋሁ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፌ ወጣሁበትና አሳየኋቸው፤ እንዲህ እጎነበሳለሁ፣ ቀና ካልኩ ሁሉ ነገር ይበላሻል፣ እሑድም እንዲሁ ሆኜ ነው በዛፉ ሥር የማልፈው። ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። ሰው እንዲህ የሚታጠፈው ሆዱን ሲያመው ብቻ ይመስላቸው ነበር። ሻይ አጠጡኝ፤ ስለ እሑድ ግን ቃል አልተነፈሱም። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ሳላውቅ ወጣሁ።

ቅዳሜ

አረፍኩ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ ደግሜ አጠበቅሁ። ነገ ቀና ካልኩ ቦታዬ ይሄዳል፣ ካላልኩ ሐጂን ለሁለተኛ ጊዜ አስቀይማለሁ። አባባ ምን ልታደርጊ ነው ሲለኝ እኔ ምን አውቄ አልኩት። እግሬ ግን መንዳት መንዳት ይለዋል፣ መቀመጥ አቃተኝ።

እሑድ

ልነሳ ነበር እኮ! ዛፉን ሳየው ክንዴ በራሱ ጊዜ መላቀቅ ጀመረ። ሐጂ ሀላኬ ከሩቅ አይተውኝ ብድግ አሉ። ትልቅ ሰው ቤት ሲገባ ከመቀመጫችን ስንነሳለት እንደሚያደርገው፣ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ እያደረጉ፣ «አትነሺ! ልጄ፣ አትነሺ!» አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎችም ተቀበሏቸው።

አልተነሳሁም። እንዳቀረቀርኩ «እንደምን አደሩ!» ብዬ ጮህኩ። እንባዬ መነጽሬን ሞላው፣ መንገዱን በግምት ነው የነዳሁት። ስመለስም ያንኑ አሉኝ። ሰዓቱ ሞላ፣ ወገቤ ደህና፣ ኮርቻው ደህና!

ሜሪ ቪዲዮውን አይታ ቦታው ያንቺ ነው አለችኝ። ግን እነዚያ ሽማግሌዎች ለምንድን ነው የሚጮሁብሽ ብላ ጠየቀች። አባባ ይህን ሲሰማ የሱቁን ባንኮኒ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ለሷ ምን ብዬ እንደማስረዳት ገና አላወቅሁም። ነገ ጠዋት ግን ሳይክሌን ቤት ትቼ፣ በእግሬ ዛፉ ሥር ሄጄ፣ ሐጂን እጃቸውን ይዤ በደንብ ሰላም እላቸዋለሁ።