ዶሃ ላይ የሚጮኸው የኮልፌ ቁጥር

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽን ሰባት ወር ሞላሽ። እኔ ዶሃ ተመልሼ የሆቴል አንሶላ ማጠቤን ቀጥያለሁ። ወንድሜ ታሪኩ እዚያው ኮልፌ፣ አንቺ ቤት ነው። የግቢውን በር አረንጓዴ ቀባው፤ ብታዪው ከነብሩሹ ታባርሪው ነበር። ከፊታችን የተጀመረው ፎቅ ፀሐዩን ስለከለለው ልብስ የሚሰጣው አሁን በጓሮ ነው።

የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሬን አልተውኩትም። ታሪኩ እንዳይዘጋብኝ ካርድ በሞላልኝ ቁጥር ይነጫነጭ የለ? ዶሃ ለምትኖር ሰው የኮልፌ ቁጥር ምን ይሠራላታል ይል ነበር። እድሩ ጥሩምባውን ትቶ በስልክ መልእክት መላክ ሲጀምር፣ ዓይኔ ፊደል አይለይም ብለሽ የእኔን ቁጥር ያስመዘገብሽው አንቺ ነሽ። ልሄድ ስል ወደ ታሪኩ ይዙር ብልሽ አሻፈረኝ አልሽ። እሱ መች ቤት ይውላል ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ።

እናም ጎረቤት በሞተ ቁጥር ወሬው ዶሃ ይደርሳል። ከማጠቢያው ክፍል ወጥቼ እደውልልሻለሁ፤ እገሌ አርፈዋል፣ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው እልሻለሁ። አንቺም ወይኔ፣ ወይኔ ትዪና ወዲያው ምን በላሽ፣ ከሳሽ ወይስ ወፈርሽ ማለት ትጀምሪያለሽ። ሟቹን ረስተን አንድ ሰዓት እናወራለን፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላም ስልኬ ጮኸ። የእድራችን አባል ወይዘሮ ይላል፤ ስሙን ሳላነብ ላንቺ ደወልኩ። እጄ ለምዶ! ታሪኩ አነሳና እማዬ ተኝታለች አለኝ። ድምፁ አላማረኝም። ያኔ ነው መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። ስምሽ ነበር። ቀብሩ በማግስቱ በስምንት ሰዓት።

ደንባችንን ታውቂያለሽ፤ ውጭ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። አንቺን ከቀበሩ በኋላ የዶሃ ጓደኞቼ ተሰብስበው በማለዳ እንዲያረዱኝ እነ ታሪኩ ተማክረው ጨርሰዋል። ሁሉን ሲያስቡ፣ እድሩ ጋ የተመዘገበው ቁጥር የማን እንደሆነ ግን ረሱት። መልእክቱ ደርሶኛል ስለው ታሪኩ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሳልደርስ እንዳትቀብሩብኝ ብዬ ጮህኩበት።

በማግስቱ ቦሌ ገባሁ። 18 ማዞሪያ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ከታክሲው ወርጄ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ ምን ገዶኝ! አስከሬንሽ ከድንኳኑ ሳይወጣ ደረስኩልሽ እማዬ። ሳጥንሽን አቅፌ የልቤን አልቅሻለሁ።

ለቅሶው ላይ ግድግዳ የምትጋሪያቸው እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ነገር አጫወቱኝ። ለካ ሰው መሞቱን ሁልጊዜ ከእኔ በፊት ትሰሚ ኖሯል። የለቅሶው ጩኸት ሰፈሩን ሲያናውጠው እንዴት አትሰሚ! ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ለብሰሽ፣ ስልክሽን ይዘሽ ደጃፍ ትቀመጪ ነበር አሉ። እንሂድ ሲሉሽ፣ ትንሽ ቆዩኝ፣ ልጄ ልትደውል ነው ትያቸው ነበር።

ይሄ ነገር አንጀቴን ቆረጠው። ሥራ በዛ፣ ደከመኝ እያልኩ ሳልደውል ስንት ሳምንት አሳለፍኩ? ድምፄን ለመስማት የጎረቤት ሞት ትጠብቂ ነበር። ይቅር በይኝ እናቴ።

የእድሩ ጸሐፊ ቁጥሩን ወደ ታሪኩ እናዙረው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አዙሩት አልኩ። ቁጥሬን ግን አልዘጋውም፤ በቃልሽ ያጠናሽው እሱን ብቻ ነበርና። እስካለሁ ድረስ ስምሽን ሳላነሳ የማልፈው እሁድ አይኖርም፤ ቃሌ ነው።

ባለፈው እሁድ ለታሪኩ ስደውል ክው ብሎ ማን ሞተ አለኝ። ማንም አልሞተም፣ ስለ እማዬ እናውራ ብዬ ነው አልኩት።

ልጅሽ