ሰባቱ ደባል ፊደላት

ይድረስ መሐል ሜዳ ላለሽው ለእህቴ ለእታለም ሙሉ፣

እታለም፣ አዲስ አበባ ውስጥ እኔ ሳልፈቅድለት የሚነሳ ኮምፒውተር የለም። እሺ፣ አዲስ አበባ ሰፊ ነው፤ ሲኤምሲ እንበለው። ሲኤምሲም ከበዛብሽ፣ እኔ በምጠብቀው ግቢ ውስጥ አቧራውን ሳላራግፍለት የሚነሳ የለም። ከዚህ በታች ግን አልወርድም።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ባልሽን ጋሽ ረታንስ ያ ሳል ለቀቀው? ላሟ ወለደች? ብርዱ ዘንድሮም እንዳምናው ነው? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ያመኛል፤ ደግነቱ ምግብ አይከለክለኝም።

ይህን ደብዳቤ ማን እንደጻፈልኝ ለማወቅ ግርጌውን አትፈልጊ፤ እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ሰው ከራሱ እየጨመረ ያሳምርልኝ ነበር። በዚህኛው ውስጥ ውሸት ካለ የራሴ ውሸት ነው። በስልክ፣ ሸብተህ ሀ ሁ ምን ያደርግልሃል ብለሽ የሳቅሽውን አልረሳሁም። ጎረቤቶችሽም አብረው እንደሳቁ ሰምቻለሁ። ሳቃችሁን እንዳትጨርሱት፣ ለመጨረሻው ትፈልጉታላችሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቶችና ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ያረጀባቸውን ኮምፒውተር በእርዳታ ይሰጡናል። ሊድያ የምትባል ባለሙያ የአንዱን ሆድ ዕቃ አውጥታ ለሌላው ትገጥማለች፤ ከሦስት በሽተኛ ሁለት ጤነኛ ታወጣለች። እኔ በር እጠብቃለሁ፣ አቧራ እነፋለሁ፣ ኪቦርድ እጠርጋለሁ። ኪቦርድ ማለት እየተነካ የሚጻፍበት የፊደል ገበታ ነው። በየቀዳዳው የማገኘውን የእንጀራ ፍርፋሪ ብታዪ፣ የቢሮ ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ ይገባሽ ነበር። የዳነው ኮምፒውተር አቅም ለሌለው ሰው በነጻ ይሰጣል።

የካ አባዶ ላለው የማታ ትምህርት ቤታችን አምስት ተመድቦለት ነበር። አብራኝ የምትማረው ገንዘቤ፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጠው፣ ከመጋቢት ጀምሮ ጥፍሯን እየቆረጠች ትጠብቅ ነበር። ገበታውን እንዳልጭረው ብላ ነው። ኋላ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቢሩክ መጣና፣ ገበታው ላይ ያለው ኤቢሲዲ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ኤቢሲዲ አያውቁም፣ ወስደው አቧራ ያለብሱታል፤ ሰኞ ለሚያውቅ ሰው ይጫን አለ። አቧራን ለእኔ ይነግረኛል።

እኔም አሰብኩ። ሰዉ ኤቢሲዲ ካላወቀ ኤቢሲዲው ይሸፈናላ። ነጭ ፕላስተር ቆራርጬ፣ ከላይ ከግራ ጀምሬ፣ ሀ ለ ሐ መ እያልኩ ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንዳለው በተርታ ለጠፍኩ። ገ ላይ ስደርስ ቦታ አለቀ። ከጠ እስከ ፐ ያሉት ሰባቱ ቤት አጡ። አዲስ አበባ ቤት ያጣ ሰው ምን ይሆናል? ደባል ይገባል። እኔም እዚህ የገባሁት እንደዚያው ስለሆነ፣ ሰባቱን ቁጥሮቹ ላይ በደባልነት አስገባኋቸው።

ሰኞ ገንዘቤን አምጥቼ አቶ ቢሩክ ፊት አስቀመጥኳትና ስምሽን ጻፊ አልኳት። ገን ነካች፣ ነን ነካች፣ ዘን፣ በን። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ምፍሽፕ። ለካ ማሽኑ የሚሰማው እኔ ከላይ የለጠፍኩትን ሳይሆን ከሥር የተሸፈነውን ኤቢሲዲ ኖሯል፤ ኤም ሲነካ ም፣ ኤፍ ሲነካ ፍ እያለ በድምፁ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። አቶ ቢሩክ እስኪያስለው ሳቀ። ወይዘሮ ምፍሽፕ፣ እንኳን ደህና መጡ አላት። እኔም ቀልድ አይቼ ዝም አልልምና አብሬ ሳቅሁ፤ የገንዘቤን እጅ እስካይ ድረስ። ያንን የተቆረጠ ጥፍር ደብቃ ጨብጣዋለች።

ቀጥሎ አቶ ቢሩክ፣ በል ፕላስተሩን ላጥና መኪናው ላይ ጫናቸው አለኝ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሮቹ ፊት ቆሜ የተናገርኩትን ብትሰሚ። ጌታው፣ እኛ ሸብተን ስንማር ይሄ ማሽን ምን ሆኖ ነው የማይማር? ማንበብ ያቃተው እሱ ነው፣ እሱም እንደኛ ማታ ማታ ይማር አልኩት። ሊድያ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ፣ ከውስጥ ይቀየራል፣ ጋሽ አስናቀ በለጠፉት ተርታ እንዲታዘዝ አደርገዋለሁ፣ እስከ ሐሙስ ስጡኝ አለች። አቶ ቢሩክ፣ ሐሙስ ሴትዮዋ ስሟን ከጻፈች የእናንተ ነው አለና በሩን ዘግቶ ገባ።

ሐሙስ ገንዘቤ ተቀመጠች። ሊድያ ያስተማረችው ማሽን አንድን ፊደል ደጋግመሽ ስትነኪው በቤቱ ይሄድልሻል፤ መጀመሪያ ነ፣ ሲደገም ኑ፣ ሲሠልስ ኒ። ገንዘቤ ልክ እንደ ክፍላችን በዜማ፣ ነ ኑ ኒ ና ኔ ን እያለች ደረሰችበት። ስሟ ሳይዛነፍ ወጣ። ማንም ሳይጠይቃት የልጇን የፍሬን ስም ልትጨምር ወደ ደባሎቹ ሄደች፤ ፈም ቤቱን ከፈተላት። አቶ ቢሩክ አነበበና፣ እንግዲያው ወይዘሮ ገንዘቤ መረከቢያው ላይ ይፈርሙ ብሎ እስክሪብቶ ሰጣት። የአሻራ ቀለሙን ገፋ አድርጋ ፈረመች። አምስቱም የካ አባዶ ናቸው። አቧራ የለባቸውም፤ ቢመጣም እኔ አለሁ።

ጋሽ ረታን ሳሉ ካልለቀቀው ይምጣ፣ እነፋለታለሁ በይልኝ። ልጅሽን ሮሃን ሳሚልኝ። ለወንድሟ ለኪዱ ደግሞ የኤቢሲዲ ደብተሩን እንዳይጥል ንገሪው፤ ከሀ ሁ ቀጥሎ የምማረው እሱን ነው። የሳቁትን ጎረቤቶች ሰብስበሽ እስከዚህ ድረስ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ከዚህ በታች ያለው የአንቺ ብቻ ነው። ያን ንግግር እኔ አልተናገርኩትም። ማሽኑ ማታ ማታ ይማር ያለችው ሊድያ ናት፤ አማረብኝና ወሰድኩት። ኮምፒውተሮቹ ፊት ቆሜ ያልኩት እምቢ ብቻ ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ወንድምሽ አስናቀ

የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.