የወፏ ስም

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተስፋነህ፣

እንደምን ሰነበትክ ጋሼ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም። በስልክ ያልከኝን እንዲሁ አላልፈውም።

«አባባ ስሙን ይናገሩና ይውጡ፤ ምን ያከብዱታል?» አልከኝ። ይህን የሚለኝ ዐቃቤ ሕጉ ወንድሜ ነው። ሕገ መንግሥቱን መጀመሪያ በእጄ ያስያዝከኝ፣ ሕግ እንድማርም ያደረግከኝ አንተ ነህ።

አዲስ አበባ የደረሰህ «መረጃ የደበቀ ሽማግሌ» የሚለው ወሬ ነው። የሆነው ግን ይኸውልህ። የጎረቤታችን የእትዬ መሠረት ጥማድ በሬ ተሰረቀ። አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ወጉን አልረሳኸውም፤ ያየ ሰው ለሽማግሌው በጆሮው ይነግራል፣ ሽማግሌው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ሌባውን ያወጣል፣ የወፏን ስም ግን ላያወጣ ይምላል። ዘንድሮ ሽማግሌው አባባ ነበሩ። ተነሡና «ወፍ ነገረችኝ፤ በሬዎቹን ወደ እብናት የነዱት የሚሊሻው አዛዥ የካሳው ሰዎች ናቸው» አሉ።

በማግስቱ ካሳው ገብስ ከሚያጭዱበት ወሰዳቸው። ስለ በሬው ያነሣ የለም፤ «የፀጥታ ስጋት» ነው የተባለው። የሚጠየቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወፏ ማን ናት?

በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ የነበረባቸው ሰው ይኸው ሳምንታት አለፏቸው። አካል ነጻ የማውጣት አቤቱታ ጻፍኩ። ዳኛዋ ይለቀቁ ብላ አዘዘች። ትእዛዙን ይዤ ወደታሰሩበት የሚሊሻ ግቢ ስሄድ ካሳው ሳቀብኝ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ የፀጥታ ጉዳይ ነው።»

«የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ካበቃ ቆየ እኮ!»

«እኛ ዘንድ አላበቃም።»

አባባን ከግቢው አስወጣቸው። ጋቢያቸውን እንኳ ሳያጣፉ መልሶ አስገባቸው። «ይኸው፣ ለቀቅናቸው። ዳኛሽን ሰላም በይልኝ» አለ።

በአጥሩ ሽቦ በኩል አነጋገርኳቸው። እግራቸው አብጧል። «ስሙ ይነገርና ይብቃ አባባ» ብላቸው ተቆጡ። «አርፈሽ ተቀመጪ! የማልኩት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ስንቅ አምጪልኝ፤ ስም አታምጪብኝ!»

አንተ ደግሞ «ሰላም በሌለበት መብት የለም» ትላለህ። የማን ሰላም? ሌባው ጠብመንጃ ይዞ ይጠብቃል፤ ሌባውን ያጋለጠው ይታሰራል። ይህን ነው ሕግ ማስከበር የምትሉት?

ስም ላኪልኝ ብለኸኛል። በሬዎቹ በተነዱበት ቀን ከእብናት በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የእትዬ መሠረትን ቦራ በሬ አላጣውም፤ የሚነዱትንም አወቅኋቸው። ለአባባ በጆሯቸው የነገርኳቸው እኔ ነኝ። መሐላው የእሳቸው ነው፤ ስሙ ግን የእኔ ነው።

ይህን ወረቀት ለካሳው ብትሰጠው አባባን አይፈታቸውም፤ እኔን ይጨምራል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሰኞ «ትእዛዙ አልተፈጸመም» ብዬ እንደገና ችሎት እቆማለሁ። መጥተህ ከጎኔ ቁም፤ ወይም አሳልፈህ ስጠኝ። መሐል ላይ ቆመህ ግን ምክር አትላክልኝ።

እናታችን «የእናቱ ጸሎት ይጠብቀው» ብለውሃል። እኔ ምርቃቴን እስከ ሰኞ ይዤዋለሁ።

እኅትህ
ትዝታ ይሻው