ለቁራሌ የተሸጠው ቴሌቪዥን

ይድረስ ለወንድሜ ለቴዎፍሎስ፤ ስዊድን አገር።

በአባታችን ቤት ሰላምታ ሳያስቀድም ወሬ የሚጀምር ሰው አልነበረምና እኔም ከዚያው እጀምራለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? አምና ሲያስቸግርህ የነበረው ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? በዚህ ወር እናንተ ዘንድ ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቅ ብላ ትጠልቃለች ብለኸኝ ነበር፤ ጨለማውን እንዴት ቻልከው? ባለቤትህ ትሕትናስ? ልጆችህ ቃለ አብና ሃናስ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ወገቤም እንደ ዕድሜዬ ነው። ደባርቅ ላይ ውርጩ በርትቷል፤ ጠዋት ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያደረው ውሃ በረዶ ይጋግራል። ገብሱ በደኅና ታጭዶ ገብቷል፤ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው።

የጠየቅሁህ ጤንነትህን ነው። ለአንተ ለራስህ የሚገባውን ሰላምታ ገና አልሰጠሁህም፤ ይዤዋለሁ። ለምን እንደያዝኩት እስከ መጨረሻው ካነበብክ ታገኘዋለህ።

ከሃያ ቀን ወዲህ ስትደውል ያላነሳሁት ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ልጄ ናዝራዊት «አባቴ ተኝቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ስትልህ የከረመችው እኔ ዋሺ ብያት አይደለም፤ መዋሸቱን ካንተ ተምራ ከራሷ ነው። ስልክ ላይ አንተ ከሰው አፍ ቃል ትቀማለህ። ደብዳቤ ግን መልስ ሳይሰጡት እስኪያልቅ ይነበባል። ናዝራዊት ፎቶ አንስቼ ልላክለት ብትለኝ እምቢ አልኳት። ከጎንደር በፖስታ ይሂድ፤ ከዘገየም ይዘግይ።

የጌም ቤቱን እንዴት እንደከፈትነው አትረሳም። በ1994 ዓ.ም. ግራጫዋን፣ የመጀመሪያዋን ፕሌይስቴሽን ከአዲስ አበባ ታቅፈህ መጣህ። ቴሌቪዥኑ የእኔ ነበር፤ ያ ከኋላው ሆድ ያለው፣ ለሁለት ሰው የሚከብደው። ፊደል ከየኔታ፣ ኤሌክትሪክ ከሞቱ ሬዲዮኖች የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ቴሌቪዥን ያለ ማንም እርዳታ ሦስት ጊዜ ከሞት አስነሥቼዋለሁ። አንተ በ1997 ወጥተህ ሄድክ። እኔ ማሽኗንና ቴሌቪዥኑን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ከእኛ ቤት ማዶ አዲስ ማሽን ያለው ጌም ቤት ተከፍቷል። ጎረምሶቹ በደጄ ሲያልፉ «ጋሽ ያርጋል፣ የእርስዎ ኳስ ተጫዋቾች ፊታቸው በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፤ እዚያ ማዶ እኮ ላባቸው ሲንጠባጠብ ይታያል» እያሉ ያሾፉብኛል። ላብ ማየት የፈለገ ሄዶ ድንጋይ ይፍለጥ እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሄዱ። አልለመንኳቸውም። የእኔ ስዕል ለእኔ ይበቃኝ ነበር፤ ከእኔም ይልቅ ለየሺወርቅ።

የሺወርቅን መቼም አትረሳትም። ባለቤቴ ብቻ አልነበረችም፤ አንተንም ያሳደገችህ ናት። ምሳ ልታደርስልን መጥታ ከወንበሩ ጥግ ቁጭ ያለችበት ቀን ዛሬም ይታየኛል። ማንም ያልመረጠው አንድ ዲስክ ነበር፤ የእርሻ ጨዋታ። ጽሑፉን ከእኛ ውስጥ የሚያነብ አልነበረም። እሷ ግን ያለ ጽሑፍ ገባት፤ ሲጠጣ አፈሩ ይጠቁራል፣ ሲደርስ እሸቱ አንገቱን ይደፋል እያለች። የጭሰኛ ልጅ ናትና ያቺን ትንሿን ቀይ ቀሚስ የለበሰች ገበሬ እየነዳች ገብስ ዘራች፣ ጎመን ተከለች። አንተ «እትዬ፣ ጎመንሽን ጅብ በላው» ስትላት፣ ጅብ ጎመን አይበላም፣ ጎመኔን የምትበላው አንተ ነህ ትልህ ነበር።

ወር በገባ በሃያ አንድ ደግሞ ማሽኗን አታስነካም። የማርያም ቀን ነው፤ በቴሌቪዥንም ቢሆን መሬት መሬት ነው፣ አይታረስም አለች። ሰው ሳቀ። አንተም ስቀሃል። እኔ ግን እሷ ካለች ብዬ በሃያ አንድ ቤቱን እዘጋለሁ፤ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ቀን አላፈረስኩም።

ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። እርሻዋ በማሽኗ ማስታወሻ ካርድ ላይ ትታው እንደሄደች አለ። ገብሱ ደርሷል፣ አልታጨደም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከፍቼ አየዋለሁ። ነፋስ ሲነካው የዳባትን ማሳ ይመስላል። አዝራር አልነካም፤ አይቼ እዘጋለሁ። ይህንን ለአንተ በስልክ የነገርኩህ እኔው ነኝ። ለሌላ ሰው አልነገርኩም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። እሷ ካረፈች ጀምሮ የኅዳር ጽዮንን ዕለት፣ ኅዳር 21፣ ደረስጌ ማርያም ሄጄ መታሰቢያዋን እንደማደርግ ታውቃለህ። ዘንድሮም ኅዳር 19 ተነሣሁ። በዋዜማው ድምፅ ማጉያቸው ተበላሽቶባቸው ኖሮ ልሰቅልላቸው መሰላል ላይ ወጣሁ። ከዚያ ከፍታ የግድግዳውን ሥዕል በቅርብ አየሁት። ከታች ስቆም ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ቅዱስ ከመሰላሉ ላይ ሁለት ወፍራም ጭረትና አንድ ጥቁር ጠብታ ሆነብኝ። ደንግጬ ወርጄ ለመሪጌታው ብነግራቸው ሳቁብኝ። ሠዓሊው ለእርስዎ መሰላል አልሣለም፤ ከታች ቆሞ ለሚጸልየው ነው የሣለው አሉኝ። ይህን ቃላቸውን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኅዳር 24 ቤቴ ስገባ በቴሌቪዥኔ ቦታ እንደ ጣውላ የሳሳ ጥቁር ነገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ናዝራዊት «አጎቴ የላከልህ ፍላት ስክሪን ነው፤ አሮጌው ጓዳ ተቀምጧል» አለችኝ። አመንኳት። ስጦታ አይናቅም ብዬም ተቀበልኩት። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ የየሺወርቅን እርሻ ከፈትኩ።

ወንድሜ፣ ያየሁትን ልንገርህ። ገብሱ አራት ካሬ እየተደጋገመ የተለጠፈበት የጠረጴዛ ላስቲክ ሆነ። የጎጆው ጣሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራረጠ። የትንሿ ገበሬ ፊት ጠፍቶ በምትኩ ሁለት ጥቁር ጡብ ቆሟል። ማሽኗ ታማ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ፈታኋት፤ ዲስክ የምታነብበትን መስታወቷን በጥጥ ጠረግሁ፣ ገመዱን ቀየርኩ። አልሆነም። ከዚያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ሰባት ቀን በጠበል አጠብኩት። ዳባት ጤና ጣቢያም ሄጄ ታየሁ፤ አንዲት ልጅ በግድግዳ ላይ ያለውን ፊደል ካስቆጠረችኝ በኋላ «አባቴ፣ የሩቁን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያያሉ» ብላ ሸኘችኝ። በሽታው እኔም ጋ ማሽኗም ጋ ካልሆነ ከዚያ ከጣውላው ነው አልኩና አሮጌውን ላወጣ ጓዳ ገባሁ።

ጓዳው ውስጥ የድንች ጆንያ ነበር። ሌላ ነገር አልነበረም።

ናዝራዊት አለቀሰች። አጎቴ ነው ለቁራሌ ሽጪው ያለኝ አለች። «እሱ ቤት እያለ አይሆንም፤ በገዛ እጁ አይለቀውም፤ ለጽዮን ደረስጌ ሲሄድ አድርጊው» አልካት። እውነት ነው አይደል? እኔ ወንድሜ እንዲህ አያደርግም ብዬ አራት ጊዜ አስደገምኳት። አራቱንም ጊዜ ያንኑ አለች። ከዚያም ለአንተ ደውላ፣ ስዕሉ ተበላሸ ብሎ ተናዷል እያለች ድምፅህን አሰማችኝ፤ እኔ ከጎኗ መቀመጤን አላወቅህም። «ወንድምጋሼ በከንቱ ነው የሚናደደው፤ ስዕሉ ድሮም እንደዚያ ነበር፣ ያላየነው እኛ ነን» አልካት። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ።

ቁራሌው የዳባት ሰው ነው ሲሉኝ በማግስቱ በሚኒባስ ወረድኩ። ቴሌቪዥኔን ከአንዲት ሴት ጓሮ አገኘሁት። ሆዱን ሰብረው ለመዳቡ ሲሉ አንጀቱን አውጥተውታል፤ በባዶው ቀፎ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ላነሣው ጎንበስ ብል ሴትዮዋ «አባቴ፣ ይቺ ፍጥረት ከተኛች አምስት ቀኗ ነው፣ ባይሆን ስትፈለፍል ይምጡ» አለችኝ። ዶሮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ትቼላት መጣሁ። በቁራሌው አልፈርድም፤ ሥራው ነው። በሴትዮዋም አልፈርድም።

ከዚያ በኋላ ቡይት ራስ ካለው ሎጅ ዘበኛው ወዳጄ ገዱ፣ ከዕቃ ቤታቸው የተጣለ ሆዳም ቴሌቪዥን መኖሩን ነገረኝ። ሬዲዮናቸውን ጠገንኩላቸው፤ እነሱም ቴሌቪዥኑን ሰጡኝ። በበቅሎ ጭኜ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ቁልቁለቱን በእግሬ እየደገፍኩ አወረድኩት። ለአራት ቀን ሠራሁት። ገና በበራ ጊዜ ግራጫዋን አገናኘኋት።

ገብሱ ተነሥቶ ቆመ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ጣሪያው ሣር ሆነ። ትንሿ ገበሬ ፊት አገኘች፤ ዓይኗን ቀና አድርጋ ቆማለች።

አጉሊ መነጽሬን ይዤ ስክሪኑ ላይ ተደፋሁ። በጣውላው ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ተኳርፎ ብቻውን ይቆማል። በሆዳሙ ላይ ግን አንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ይሰርጋል፤ ቀለም በእርጥብ ብራና ላይ እንደሚሰርገው። ስዕሉን የሠሩት ሰዎች ይህንን ያውቁ ነበር። የነበራቸው ነጥብ ጥቂት ነውና ግማሹን እነሱ ሠሩ፣ ግማሹን ቴሌቪዥኑ እንዲጨርስላቸው ተዉለት። ስለዚህ ቴዎፍሎስ፣ ድሮም እንደዚያ አልነበረም። ድሮ ያየነው ገብስ ነበር። አንተ መሰላል አምጥተህ፣ አፍንጫህን ከግድግዳው ለጥፈህ፣ ይህ እኮ ጭረት ነው ያልክ ሰው ነህ።

አዲስ ነገር ጠላሁ ብለህ ለልጆችህ እንዳታወራብኝ። የማዶው ጌም ቤት ስዕል ለጣውላው ስለተሠራ በጣውላው ያምራል፤ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ላባቸው በእውነት ይንጠባጠባል። ቅር ያሰኘኝ እሱ አይደለም። ሌላ ሰው ቢሰርቀኝ ዕቃ ጠፋብኝ እል ነበር። አንተ ግን የሰረቅኸው እሑዴን ነው፤ በምን እንደምሞላው የነገርኩህም ለአንተ ብቻ ነበር። ቀንም ስትመርጥ እሷ መሬት አይታረስም ያለችበትን፣ እኔ ስለ ነፍሷ የቆምኩበትን ቀን መረጥህ። ለሌባ ሃያ አንድን ማንም አልነገረውም። አንተ ታውቀው ነበር።

ለእርጅናዬ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል። አስበህ ቢሆን ግን ጠይቀኸኝ እምቢታዬን ትሰማ ነበር። እምቢታዬን ስለፈራህ ልጄን አስዋሸህ። ከናዝራዊት ጋር ከአንድ መሶብ እንበላለን፤ ይቅር በለኝ ብላኛለች፣ እኔም እግዚአብሔር ይፍታሽ ብያታለሁ። የጓዳውን ቁልፍ ግን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።

ፍላት ስክሪንህ አልተሰበረም፣ አልተሸጠምም። በመጣበት ካርቶን አድርጌ፣ በገመድ አስሬ፣ ስምህን በትልቁ ጽፌበት ጓዳ አስቀምጬዋለሁ፤ አሮጌው አለ በተባልኩበት ቦታ ላይ። ለፋሲካ እመጣለሁ ማለትህን ናዝራዊት ነግራኛለች። ና። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሆዳሙ ፊት፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር አጠገብ አስቀምጥሃለሁ። እርሻዋን እከፍትልሃለሁ፤ አዝራር አትነካም። እያየህ «ድሮም እንደዚያ ነበር» ያልከውን ቃል ድገመው። ከአፍህ ከወጣ፣ ካርቶንህን በገዛ ትከሻህ ተሸክመህ እስከ መናኸሪያው ትሄዳለህ፤ እኔም በር ድረስ አልሸኝህም። ካልወጣልህ ደግሞ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ለትሕትና ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝን የሱፍ ሹራብ ከላዬ አላወለቅሁትም፤ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበትም አውቃለሁ። ቃለ አብ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጠይቆኝ ነበር፤ ውርጩ ሲበረታ ወደ ቡይት ራስ መንገድ ዳር ወርደው ፀሐይ እንደሚሞቁ ንገረው፤ ግንባሩን ሳምልኝ። ሃናን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አማርኛ መጻፍ ጀመረች ብለኸኛልና አንድ መስመር ትጻፍልኝ፤ ስሕተቷን አርሜ እመልስላታለሁ። ናዝራዊት ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። ገዱም ሰላም ብሎሃል፤ እሱ ይህን ሁሉ አያውቅም።

ለአንተ የያዝኩት ሰላምታ ከደጄ ላይ አለ። በፖስታ አልልከውም፤ መጥተህ ውሰደው። ቀኑን አንተ ምረጥ። በሃያ አንድ ግን አይሁን፤ በዚያ ቀን አንድ ጊዜ መጥተህብኛል።

ታላቅ ወንድምህ ያርጋል
ደባርቅ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.