የመልእክተኛው ቦርሳ

ሐምሌ 9 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? የሰው አገር እንዴት ይዞሃል? እኔ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ። እህትህ ሁለተኛ ልጇን በሰላም ተገላግላለች፤ አፍንጫው ቁርጥ የአንተ ነው።

የምጽፍልህ በስልክ ስላልሆነልኝ ነው። ባለፈው ስለ ቦርሳው ሳነሣብህ መስመሩ ተበላሸ ብለህ ዘጋህ። መስመሩ ደህና ነበር፣ ልጄ።

ሙዚየሙ ውስጥ ትሠራ በነበረ ጊዜ የዚያን የጥንት መልእክተኛ የቆዳ ቦርሳ ፎቶና ልኬት ይዘህልኝ መጣህ። "አባዬ፣ ዋናው እንዳይጎዳ ለጎብኚ የምናሳየው አምሳያ ሥራልን" አልከኝ። ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ ክሩን በሰም ስታሽልኝ፣ ወስፌ ስታቀብለኝ ከረምክ። ከልጅነቱ የቆዳ ሽታ የሚያስጠላው ልጄ በመጨረሻ ሙያዬን ወደደልኝ ብዬ የምሆነውን አጥቼ ነበር። በስለት የተሰነጠቀ ጎኑን እንኳ ልክ እንደ ዋናው ሰነጠቅኩት። ለውስጥ ገበሩ ያረጀ ቆዳ ስናጣ የእናትህን ቀበቶ ቀደድን። እጄ እምቢ ሲለኝ "ብትኖር ራሷ ትሰጥህ ነበር" ያልከኝ አንተ ነህ።

አንተ ከአገር በወጣህ በዓመቱ ዋናው ጠፍቶ በአምሳያ መተካቱ ታወቀ። የሙዚየሙን ጥበቃ፣ ጋሽ ቁልፉን ያዙት። መርማሪው እኔን በባለሙያነት አስጠርቶ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አኖረልኝ። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ የእናትህ ቀበቶ ቀዳዳዎች ጣቴን ነኩኝ።

"ማን እንደሠራው ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አልኩ። "የሠለጠነ እጅ ነው።"

ጋሽ ቁልፉ እጁ በካቴና ታስሮ ማዶ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ። የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ የእጄን ሥራ ከሩቅ ይለያል። ግን ትንፍሽ አላለም። አንተን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ ሰው ነው፤ ዝም ያለው ለአንተ ይሁን ለእኔ እስካሁን አልገባኝም።

አምስት ዓመት ፈረዱበት። ሰባት ወር እንደታሰረ ሳንባውን አሞት ባለፈው ሐሙስ እዚያው ሞተ። ቤቱ ስሄድ ሚስቱ ብቻዋን ነበረች። የሌባ ቤት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ሸሽቷታል። እጄን ይዛ "አንተ ብቻ አላፈርክብንም፤ እግዜር ይስጥህ" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ሄጄ "የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት። የቀበቶውን ትራፊም ሰጠሁት።

"ማን አሠራዎት?" አለኝ።

ውሃ ለመንኩት። አስመጣልኝ። ጠጣሁና ስምህን ከነአባትህ ተናገርኩ።

በሐሰት ስለመሰከርኩ እኔም እጠየቃለሁ፤ ሰኞ ቅረብ ተብያለሁ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ለሚስቱ ነገርኳት። ብድግ ብላ በሩን ከፈተችልኝ፤ ወጣሁ።

ቦርሳው እጅህ ላይ ካለ መልሰው። ከሌለም ለማን እንደሰጠኸው ጻፍልኝ። ከመጣህ ጣቢያ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ብቻህን አትገባም።

አልረገምኩህም፤ አንጀቴ አይችልም። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እንቅልፍ ግን፣ የዚያን ሰው ስም እስክታጠራ ድረስ፣ አልመርቅልህም።

አባትህ