ለዘንዶው ያገሱለት የአቶ እንደሻው ጌታነህ የሕይወት ታሪክ

ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በከባድ ሐዘን የምንገልጸው፣ የሐረር ነዋሪ የነበረ አንድ የኮምፒውተር ጌም ዘንዶ ከዛሬ ጀምሮ ድምፁ መዘጋቱን ነው። ሲያገሱለት የኖሩት አቶ እንደሻው ጌታነህ ዐርፈዋልና።

አቶ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ ጌታነህ ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ገላነሽ ይመር፣ ጥቅምት 1953 ዓ.ም. በሐረር፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። በከተማው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው፣ ጊዲር መጋላ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ። የጠገኑት ሁሉ ሠርቷል ማለት ባንችልም፣ ተመልሶ የተጣላቸው ደንበኛ የለም። በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጽጌሬዳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ1988 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተው ጌም ቤት ከፈቱ። ፈረሰኛ ዘንዶ ገድሎ የታሰረች ልዕልት የሚያስፈታበት ይህ ጌም በውጭ አገር ሳንቲም በሚጎርስ ትልቅ ማሽን ላይ እንደ ካርቱን ፊልም ጥርት ብሎ የሚታይ ነበር። ለቤት ኮምፒውተር ተጨምቆ ሲመጣ ግን ሥዕሉ ደብዝዞ፣ ድምፁ ጨርሶ ጠፍቶ ደረሰ። ስለዚህ የዘንዶውን ግሳት፣ የሰይፉን ፉጨትና የድንጋዩን ናዳ አቶ እንደሻው ከተጫዋቹ ጀርባ ቆመው በአፋቸው ያሰሙ ነበር። ተጫዋቾቹም የሚዘሉት የሚመቱት እሳቸውን እየሰሙ ነው፤ አንድ ጊዜ የእውነት ቢያስላቸው ፈረሰኛው ያለ ምክንያት ገደል ገብቷል። ከድሬ ጠያራ እህል ሊሸጡ የሚመጡት ወዳጃቸው አቶ አብዱልፈታ፣ «ወላሂ እንደሻው፣ ዘንዶህን ጉንፋን ይዞታል፤ ዝንጅብል አጠጣው!» ይሏቸው ነበር።

የልዕልቲቱ ድምፅ ወ/ሮ ጽጌሬዳ ነበሩ። ተጫዋቹ ዘንዶውን ገድሎ ከእስር ሊያወጣት ሲደርስ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው «እስካሁን የት ቆይተህ ነው? ወጡ እኮ ቀዘቀዘ!» ይሉታል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚለፋው ይህችን ቁጣ ለመስማት ነበር።

ወ/ሮ ጽጌሬዳ በ2000 ዓ.ም. ዐረፉ። ከአርባው በኋላ ጌም ቤቱ ተከፈተ፤ ዘንዶውም እንደ ወትሮው አገሳ። ነገር ግን ተጫዋቹ ልዕልቲቱ ዘንድ ሊደርስ ሲል አቶ እንደሻው ኮምፒውተሩን ያጠፉ ጀመር።

«ጋሼ፣ ላሸንፍ ነበር እኮ!» ሲባሉ፣

«አሸንፈሃል። ተነስ፣ ተራ አለ» ይላሉ።

በዚህ ጠባያቸው ደንበኛው ሸሸ፤ የቀረውን ስልክ ወሰደው፤ ቤቱም በ2007 ዓ.ም. ተዘጋ።

አቶ እንደሻው ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሐኪሙም ሳንባው ብዙ ያገለገለ መሆኑን መስክሯል። ልጆቻቸውን ወ/ሮ ቤዛዊትንና አቶ ልደትን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆችን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ደጋጎቹ ካረፉበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም ጽናቱን ይስጠን።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «ልዕልቲቱ ዘንድ ሲደረስ ለምን ያጠፉ ነበር?» እያለ የሚጠይቀውን ቤተሰቡም ጠይቋቸው ነበር። ልጃቸው ቤዛዊት ባለፈው መስከረም ጌሙን ከነሙሉ ድምፁ አግኝታ፣ በላፕቶፕ አልጋቸው ድረስ አመጣችላቸው። ግሳቱን በጽሞና አዳምጠው «ይኼስ ይችላል» አሉ። ልዕልቲቱ አፏን ልትከፍት ስትል ላፕቶፑን በእጃቸው ከደኑት።

«አባዬ፣ ምን አለበት አንዴ ብትሰማት? እሺ፣ ለምን እንደማትሰማት እንኳ ንገረኝ።»

«አልናገርም።»