እናቴን ጨዋ ላደረጉልኝ ኃላፊ

ለክብርት ወይዘሮ ፑን ሳው-ላን
የዘላለም ጥድ አረጋውያን መኖሪያ ኃላፊ
ኩን ቶንግ፣ ሆንግ ኮንግ

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ ይበርታ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ላው ዩት-ሆ ግን በእርስዎ ጥረት ጨዋ ስለሆነች ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

፩. በቅድሚያ «በመልካም አንደበት እንነጋገር» የሚለውን ማስታወቂያ በየበሩ ስለለጠፉልን አመሰግናለሁ። እናቴ ዕድሜዋን በዓሣ ንግድ የጨረሰች ሴት ናት። ዓሣውን እያገላበጠች ለማትገዛ ደንበኛ «እንዲህ ከወደድሽውማ አግቢው» ትላት ነበር፤ ደንበኛዋም ስቃ ትገዛለች። እኛ ዘንድ ምስጋና ለባዕድ ነው፤ የራስን ሰው ይነክሱታል።

፪. ከገበታ ጓደኛዋ ከወይዘሮ ክዎክ ስለለያዩዋትም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሁለቱ በአንድ ገበታ ለቁርስ ሲቀርቡ ወይዘሮ ክዎክ «አንቺ፣ ገና አልሞትሽም?» ይላሉ፤ እናቴም «አንቺን ሳልቀብር የት ልሂድ?» ብላ ከራሷ ሳህን እንቁላሉን ታሻግርላቸዋለች። ሠራተኞችዎ ስድቡን ሰምተው እንቁላሉን ሳያዩ ቀሩ። ወይዘሮ ክዎክ ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛወሩ፣ እናቴም «ለደኅንነቷ» ብቻዋን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ላስረዳዎት በመጣሁ ቁጥር «ስሜትዎን እንረዳለን» እያሉ በፈገግታ ሸኝተውኛል። ሌላ ቦታ እንዳልወስዳት ወረፋው ዓመታት ነው፤ የእኔ ክፍል ደግሞ ከአንድ አልጋ በላይ አያስገባም። ምን ላድርግ? እርስዎን ከማመስገን በቀር አቅም የለኝም።

፫. ባለፈው እሑድ የአሳማ ጥብስ ይዤላት ሄድኩ። ሆን ብዬ አረፈድኩ፤ ጥብሱንም ሆን ብዬ አቀዘቀዝኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ባጠፋሁ ቁጥር «አንተን ከምወልድ አንድ ሙዳ ጥብስ ብወልድ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ እንኳ ይበላል» ትለኝ ነበርና ያችን ለመስማት ጓጉቼ ነው። እሷ ግን ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አመሰግናለሁ ጌታዬ፣ ስለ እኔ ተቸገሩ» አለችኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠራተኛዎ በመልካም አንደበት መንገድ እንድለቅ ጠየቀችኝ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ወይዘሮ ክዎክን ወደ ገበታዋ ይመልሱላት።

ለትሕትናዎ ወደር ያጣሁለት፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ቸንግ ዋይ-ሙን፣ የጨዋይቱ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ «የወሩ ትሑት ነዋሪ» ተብላ ስለምትሸለም በበዓሉ እንድገኝ የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል። ጊዜ ሳገኝ ሻይ እንጠጣለን። ይህ በእኛ አፍ የሻይ ግብዣ አይደለም፤ ምን ማለት እንደሆነ እናቴን ይጠይቋት፤ በድሮ አንደበቷ ከመለሰችልዎት እባክዎ ለእኔም ይደውሉልኝ።